የሸማው ክፍል አየር

አባቴ ሸማኔ ነበር። ከደጋ ወርዶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ከገባ ጀምሮ የሠራው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቶ ነው። የሚዘጋው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከአባያ ሐይቅ በኩል የሚነሳው ነፋስ ድሩን ያማታበታል፣ አቧራውም ነጩን ጥጥ ያቆሽሽበታል። ስለዚህ በዚያ ሙቀት ተዘግቶ ይውላል። ማታ ሲወጣ ቅንድቡና ሪዙ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሮ ያለ ዕድሜው ያሸበተ ይመስላል። ልጆች ሳለን እናራግፍለት ነበር። ወደ ሳንባው የሚገባውን ግን ማን ያራግፈዋል?

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ ባሉት ዓመታት ሳሉ ጠናበት። እኔ ያኔ ደጋው ላይ፣ ገረሴ አስተምር ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየወረድኩ አየዋለሁ። ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ ነገሩን አላወሳሰበችውም፤ የጎዳዎት ብናኙ ነው፣ ደጅ ወጥተው ይሥሩ አለችው። አሻፈረኝ አለ። እኔም ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ተውኩት። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቴ ግን አልተወችውም። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ አስቆፈረች፣ በነፋሱ በኩል ማዳበሪያ ሰፍታ ጋረደች። እያጉረመረመ ወጣ። በወሩ ስመጣ ወሬውን ሳል ሳያቋርጠው ይጨርስ ነበር።

እዚያ ላይ አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ክሩ በነፋስ ሲበጠስበት፣ ዝናብ ሲያካፋ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሮጥ አሳዘነኝ። አልዋሽም፣ አፍሬም ነበር። የመምህር አባት በማዳበሪያ ጥላ ሥር ተቀምጦ መንገደኛ ሁሉ ሲያየው ደስ አላለኝም።

በዚያው ዓመት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ቢሮ ውስጥ የአየር ማጽጃ አየሁ። አነስተኛ ሳጥን ነው፤ በጎኑ አየር ይስባል፣ ውስጡ ሰማያዊ መብራት ይበራል። አልትራቫዮሌት የሚሉት ብርሃን ነው፣ አየር ውስጥ ያለውን ሁሉ ይገድላል አለኝ ከቢሮው ተጠቁሜ የሄድኩበት ሻጭ። ሁሉን የምትለዋን ቃል ይዤ ሌላ ሳልጠይቅ ገዛሁት። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይቀላል።

አባቴ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ዞሮ አየውና የሽመና ዕቃውን ወደ ክፍሉ አስመለሰ። መስኮቱን ድሮ ከሚዘጋው አብልጦ ዘጋው፤ የተጣራው አየር ለምን ይውጣ ብለን ስንጥቁን በጨርቅ የወተፍነው እኔና እሱ ነን። እህቴ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብላ ወጥታ ሄደች። ጎረቤት እየመጣ ሰማያዊውን ብርሃን አየ፣ አባቴም ልጄ ነው ያመጣልኝ እያለ አስጎበኘ። ያን ሰሞን ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አርባ ምንጭ ውስጥ አልነበረም።

ሳሉ ተመለሰ። በመጀመሪያ ብርዱ ነው አልን፣ ቀጥሎ መብራት ስለሚጠፋ ነው አልን። እህቴን አንቺ አጥፍተሽበት ነው ብዬ ተቆጥቻት ሁለት ወር ተኳርፈናል። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ሳጥኑ መጮኽ ሲጀምር ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ጋ ወሰድኩት። ሲከፍተው ወንፊቱ በጥጥ ተደፍኗል፣ መብራቱም ብናኝ ለብሶ በቅጡ አይታይም። ሰውየው ለምን እንደገዛሁት ጠየቀኝና ነገርኩት።

«ይሄ ተዋስያን ነው የሚገድለው» አለኝ። «ጥጥ ነፍስ የለው፣ ምኑን ይገድለዋል?»

ሳጥኑን አቅፌ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴን ከግድግዳው ተደግፎ አገኘሁትና ሰውየው ያለኝን አንድ በአንድ ነገርኩት። አልደነገጠም።

«አውቃለሁ» አለኝ በጋሞኛ። «በወሩ ነው ያወቅኩት። ደጅ ይሻለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልወጣህም፣ አባዬ?»

ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅኩት። «ልጄ ያመጣልኝን ትቼ ማንጎ ሥር ብቀመጥ ሰፈሩ ምን ይላል? ዕቃው ከንቱ ነው፣ ልጁ ተታሏል አይሉም?»

ተናደድኩ። በራሴ ብናደድ ያምርብኝ ነበር፤ የተናደድኩት ግን በእሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔን ስም ሲጠብቅ ሳንባውን ጨረሰ። ከዚያ ወጥቼ በረንዳው ላይ አለቀስኩ። ያን ቀን ደጅ ውጣ ብለውም እንደማይወጣ ገብቶኛል። ዕቃው ከንቱ መሆኑን ከእኔ አፍ ሰፈሩ ካልሰማ አይወጣም።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶች ሊጠይቁት መጡ። አንዷ እናቷን አስም እንደያዛት ነግራኝ ሳጥኑን የት እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። አባቴ ቀደመኝና ጥሩ ዕቃ ነው አላት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አይጠቅምም አልኩ። መምህር ነኝ ብዬ ያልገባኝን ዕቃ ገዛሁ፣ ደጅ እየተሻለው የነበረውን አባቴን ወደ ብናኙ መለስኩት፣ ሲብስበት ደግሞ እህቴን ከሰስኩ አልኩ። አባቴ በእኔ ፈንታ አፍሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ስሰናበተውም አልዞረም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ እህቴ ደወለችልኝ። ጠዋት ማንም ሳይነግረው የሽመና ዕቃውን አስወጥቶ ማንጎው ሥር ገባ አለችኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እየሠራ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ለሥራ ትንፋሹ አልበቃውም። ተቀምጧል» አለችኝ።