ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጬ የለካሁት ድልድይ

ዓይኔን ማመን ስላቃተኝ መጀመሪያ ያየሁት ድልድዩን ነበር። ገመዱ አልተበጠሰም፣ ጣውላው አልተነቀለም። ከታች ባለው በድሮው መሻገሪያ ግን ስድስት ወንዶች ደረታቸው ድረስ በደፈረሰ የክረምት ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ሴት የተኛችበትን ቃሬዛ ከራሳቸው በላይ አንሥተው ወደ እኔ ይመጣሉ።

ድልድዩን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ የመምህርና የነርስ ልጅ፣ መሐንዲስ። በዚያ ቀን ከዛሪማ አለፍ ብሎ ወዳለው ወደዚህ ቀበሌ የመጣሁት ብሎኖቹ በዝናቡ ላልተው እንደሆነ ለማየት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ምስጋናም መስማት አምሮኝ ነበር።

ቦታውን የመረጥኩት ባለፈው በጋ ነው። ወንዙ እዚያ ጋ ይጠባል፣ ግራና ቀኙ አለት ነው። ችግሩ፣ በመንደሩ በኩል ያለው አለት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነበር፤ በዚያ በኩል ከቅጥሩ ውጭ ገደል ነው። ቄሰ ገበዙ ግን አላንገራገሩም። «ለሕዝብ ከሆነማ ሸጋ ነው! በግቢው ይለፍ፤ በር እናወጣለታለን» አሉ። ግቢው ውስጥ የተሰበሰቡት ወንዶች አጨበጨቡ። እኔም ከቅጥሩ ወዲያ ሆኜ አጨበጨብኩ። በማግስቱ ባልደረባዬ ግቢው ውስጥ ሜትር እየዘረጋ ቁጥሩን ሲጠራልኝ፣ እኔ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጽፍ ነበር። አንዲት የመንደሩ እናት የሽምብራ ቆሎ ይዘውልኝ መጥተው አብረውኝ ዋሉ።

አሁን በድልድዩ ላይ ነጠላቸው በእርጥቡ ጣውላ ላይ እየተጎተተ ብቻቸውን የሚሮጡት እኒያው ሴትዮ ናቸው። ቃሬዛው ላይ ያለችው ልጃቸው ናት። አምቡላንሱ በእኔ በኩል መንገዱ ላይ ቆሟል። አጠገቤ ሲደርሱ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ምነው እናቴ! ድልድዩ እያለ ምነው በውሃው?»

በድንጋጤ አዩኝ። «ምን ነካሽ ልጄ? ትናንት የወለደች አራስ እኮ ናት፤ ደሙ አልቆም ብሏታል። እንዴት ብለን በግቢው እናሳልፋት?»

አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ። ደም ላይ ያለች ሴት ከቅጥር እንደማትገባ፣ አራስም ቀኗ ሳይሞላ ደጁን እንደማትረግጥ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ገመዱ ስንት ሰው እንደሚችል አስልቻለሁ። ማን ሊረግጠው እንደሚችል ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።

ወንዙ መካከል አንደኛው ሰው ተንሸራተተ። ቃሬዛው ዘመመና ውሃው በአራሷ ላይ አለፈ። እኔ ጮህኩ፣ እናቲቱ ጮሁ። እሷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሰዎቹ እንደምንም ተደጋግፈው ቃሬዛውን አቀኑት። ዳር ሲደርሱ ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አምቡላንሱ ይዟት ሄደ። እናቲቱ እንኳ ቦታ ጠቦ ቀሩ።

«ማን ነገረኝ?» አልኳቸው። መቆጣት አይገባኝም ነበር፣ ግን ተቆጣሁ። «ቀኑን ሙሉ አብረን ስንውል ምነው አልነገሩኝም?»

እሳቸው አልተቆጡም። የእርጥብ ነጠላቸውን ጫፍ እየጨመቁ፣ «የምታውቂ መስሎኝ ነዋ» አሉ። «አንቺስ ያን ለት መች ገባሽ? ሰውየው ሲለካ ከኔ ጋር ከውጭ ቆሎ ስትበዪ አልዋልሽም?»

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን የወር አበባዬ መጥቶብኝ ነበር። ከውጭ የቀረሁት ለዚያ ነው፤ ልማዴ ስለሆነ ቆም ብዬ እንኳ አላሰብኩበትም። ሴት ሆኜ፣ በዚያው ምክንያት ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጬ፣ ደም ላይ ያለች ሴት የማትሻገረውን ድልድይ ለካሁ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ልጅቱ ተርፋለች። ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ስነግራቸው ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ጠሩ። በገደሉ በኩል ያለው ቅጥር ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ፤ የድልድዩ ጫፍና መንገዱ ከውጭ ሆኑ። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ድንጋዩን እየተቀባበሉ ካነሡት መካከል እነዚያ ስድስት ወንዶች ነበሩ።