መጋረጃ ያለው ድረ ገጽ

ሙዚየማችን ትንሽ ናት። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ባለ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለች የሁለት ክፍል ቤት ናት። እኔ ቅርሶቹን እጠብቃለሁ፣ አቧራቸውን አራግፋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ አስጎበኛለሁ። ኃላፊያችን በልጆቼ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት በስልካቸው የሚያዩት ነገር ይኑር፣ ድረ ገጽ እንክፈት ያለው እሱ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊያሳይ የፈለገውም በሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት፣ በገዳሙ ዕቃ ቤት የምትቀመጠውን የእመቤታችንን ሥዕል ነበር።

ወደዚያች ደሴት ሴት አትገባም። ሥርዓቱ ነው፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ልጅ ሳለሁ ለንግሥ አባቴና ወንድሞቼ ወደ ላይ ሲወጡ፣ እኔና እናቴ ከጀልባው ሳንወርድ እንጠብቃቸው ነበር። የቅዳሴው ዜማ በዛፎቹ መካከል እየተቆራረጠ ይደርሰናል። እናቴ ከተቀመጠችበት ዝቅ ብላ ትሰግዳለች፤ ጀልባዋም አብራት ዝቅ ከፍ ትላለች።

ሥዕሏ ያለችው በብራና መጽሐፍ ውስጥ ነው። በላይዋ ከብራናው ጋር የተሰፋች ቀጭን የሐር መጋረጃ አለች። መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መጋረጃዋን ነው። ያማትባል፣ መጋረጃዋን ያነሣል፣ ሥዕሏን ይሳለማል፣ መልሶ ይሸፍናታል። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አረጋዊ መነኩሴ መጋረጃዋን በገዛ እጃቸው ይዘው አንድ ዲያቆን ፎቶ አንሥቶልን ነበር። ፈቃዱ ግን ገና ነበር። እሳቸው የሠራነውን አይተው ለገዳሙ ማኅበር ሊነግሩ ነው። እሳቸው ካልወደዱት ሥዕሏም ሌላውም የገዳሙ ንብረት አይታይም። ያለዚያ ደግሞ የምናሳየው ብዙ የለንም።

ኃላፊያችን መጀመሪያ የመረጠው ሶፍትዌር ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው። ፎቶውን መስጠት ብቻ ነው፤ የቀረውን እሱ ያውቃል። ሲከፈት ሥዕሎቹ በየተራ እየተንሸራተቱ ያልፋሉ።

«እትዬ፣ እንዴት ነው? ሠርግ ቤት አይመስልም?» አለኝ።

«ይመስላል» አልሁት። «ሙሽራዋ ግን ቸኩላለች።»

ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሥዕሏን ያየሁት የዚያን ዕለት ነው፤ ፊቷንና የልጇን ፊት ብቻ። እሱም ሳልጠግበው አለፈ።

የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባታችን ለገዳሙ ጉዳይ ወደ ከተማ የመጡ ዕለት ጎራ አሉልን። ኃላፊያችን ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረላቸው። የእመቤታችን ፊት መጣ፤ አለፈ፤ መስቀል መጣ፤ አለፈ፤ ከበሮ መጣ። አባታችን ብድግ ብለው መዳፋቸውን እስክሪኑ ላይ አደረጉ።

«ቆይ፣ ቆይ! ማን ገለጣት?»

«ራሱ ነው አባታችን።»

«ራሱ?»

«አዎ፣ ማንም ሳይነካው ራሱ ያሳልፋቸዋል።»

«እሺ፣ እግሯ ሥር ያለችውስ የት ሄደች?»

«ለስልክ እንዲመች ራሱ ይቆርጠዋል፣ አባታችን።»

አባታችን ወደ እስክሪኑ ጠቆሙ። «ይህ ራሱ የምትለው ሰው አይጾምም መሰል» አሉ።

እኔ ሳቄን በነጠላዬ ያዝሁት። ኃላፊያችን ግን ፊቱ ጠቆረ። አባታችን መቋሚያቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣ እኔ እስከ ዛሬ ሳላማትብ መጋረጃዋን አንሥቼ አላውቅም። እንዲህ ከሆነስ ትቅር። ለበዓሉ ስመለስ አያታለሁ፤ ካልሆነላችሁ ፎቶዋን አጥፉልኝ» ብለው ወጡ።

በእግሯ ሥር ማን እንዳለች አልጠየቅኋቸውም። ድፍረት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ኃላፊያችን ሌሎች ሶፍትዌሮችን ይፈትሽ ጀመር። አንዱ መንሸራተቱን አይተውም። ሌላው ሥዕሏን አያንቀሳቅሳትም፣ ነገር ግን ከጎኗ የጫማ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ያን ሲያይ ራሱ ዘጋው።

«መጋረጃ የሚያለብስ የለም?» አልሁት።

«እትዬ ደግሞ! ሶፍትዌር መጋረጃ ይሰፋል?»

«እንጃ። ልጄ የበዓል ካርድ በስልክ ስትልክልኝ፣ ፖስታው ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ስነካው ይከፈታል።»

እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። «ውይ እትዬ» አለ።

የመረጠው በመጨረሻ ጌጥ የሌለውን ነው። ማንም በነጻ የሚወስደው፣ ውስጡን ከፍቶ እንደ ፈለገ የሚያስተካክለው ዓይነት ነው። ሠርግ ቤት ያስመሰለውን ሁሉ ትቶ ከባዶ ጀመረ። መጋረጃዋን ከየት እናምጣ ስንል፣ ዲያቆኑ ካመጣቸው ፎቶዎች መካከል መጋረጃዋ እንደ ወረደች የተነሣች አገኘን። ስትመጣ ለኃላፊያችን የማትረባ መስላው ነበር። ቀይ ናት፤ ጫፏ በብዙ ጣት ንክኪ ሳስቷል።

ሲያልቅ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ይክፈቷት» አለኝ።

«አባታችን ይቅደሙ» አልሁ።

አባታችን መጡ። አሁን አልተቀመጡም። እስክሪኑ ላይ ቀይዋ መጋረጃ ብቻ አለች፤ አትንቀሳቀስም። ኃላፊያችን ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ወደ መሬት አያለሁ። አማተቡ። ጣታቸውን ዘርግተው ነኩ።

የባሕር ዳር ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው። በሌላ ቀን እናማርረዋለን። የዚያን ዕለት ግን ሥዕሏ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች ወረደች። መጀመሪያ መጋረጃዋን የያዘው የአባታችን እጅ ታየ። ቀጥሎ የመላእክቱ ክንፍ፤ ቀጥሎ ዓይኖቿ። ሕፃኑ። የልብሷ ሰማያዊ። አለቀ ስል ደግሞ ከታች፣ ከእግሯ ሥር፣ በግንባሯ የተደፋች ነጭ የለበሰች ሴት ወጣች።

«አባታችን፣ ይህች ማን ናት?»

«መጽሐፉን ያጻፈች ናት፣ ልጄ። እሷም እንደ እናንተው ከባሕሩ አላለፈችም። እንዲህ ተሥላ ገባች። ዛሬም በጸሎት ስሟን እናነሣለን።»

ስሟንም ነገሩኝ። ሴት በማትገባበት ደሴት፣ በገዳሙ ዕቃ ቤት፣ አንዲት ሴት ይህን ሁሉ ዘመን ሰግዳ ኖራለች። እኔም በጀልባው ሆኜ ወደ እሷ ሳይ ነው ለካ ያደግሁት።

አባታችን ግን ወደ ኃላፊያችን ዞረው ነበር። «መልሶስ ይሸፍናታል?»

«ሲነኩት፣ አባታችን።»

«ራሱስ?»

«ራሱ ምንም አያደርግም።»

«እንግዲህ ጾም ያዘ በለኛ!» አሉና ሳቁ። ነክተው ሸፈኗት። «ይሁን። ለማኅበሩ እነግራለሁ።» ኃላፊያችን ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ማኅበሩ ፈቀደ። በዚያው ሰሞን ወደ ሐሙሲት፣ ወደ እናቴ ሄድሁ። አርጅታለች፤ ጀልባ ከተወች ቆይታለች። ስልኬን መደቡ ላይ አድርጌ ነገሩን አስረዳኋት። ውኃ አምጪልኝ አለች። እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አማተበች፣ ነካች።

እዚያም ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው። አብረን ጠበቅን። ከታች ያለችው ሴት ስትወጣ እናቴ ዓይኗን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ይህችስ ከጀልባው ወረደች?»

«ወረደች፣ እማዬ።»

«እልል!» አለች፣ ድምፅ ሳታወጣ። ከዚያ ግንባሯን መደቡ ላይ አድርጋ ሰገደች። መደቡ እንደ ጀልባ አይነቀነቅም። ቀና ስትል፣ እኔ ሳልነግራት፣ በጣቷ ነክታ መጋረጃዋን መለሰች።