ቀይ ብላ የጻፈችብኝ ካርድ

ዝናብ ሲያባራ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በእግሬ ስሄድ ከአንዱ ግቢ አዲስ የታጨደ እርጥብ ሣር ይሸተኛል። ሌላ ሰው ደስ የሚለው ሽታ ነው። እኔን ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ያደርገኝና እርምጃዬን ያስፈጥነኛል።

ጠርጣራ ነበርኩ። ተክለ ሃይማኖት ሱቅ የነበራት እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም ምክሯን ከሚገባው በላይ ወሰድኩት። ታክሲ ውስጥ ሰው ፈገግ ካለልኝ ቦርሳዬን እጨብጥ ነበር። የማልጠረጥራት አንዲት ሰው ብትኖር ኮንዶሚኒየሙ ላይ ከኛ በላይ የምትኖረው ጓደኛዬ ነበረች። ከሰፈራችን ብዙም የማይርቅ የጎልፍ ሜዳ ለወጣቶች ሥልጠና ከፍቶ ስለነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሄድ ነበር።

ጨዋታውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኳሱን መምታት የሚጀመረው ቀለም ከተቀቡ ሁለት እንጨቶች መካከል ነው። ነጩ መነሻ ሩቅ ነው፣ ቀዩ ወደ ጉድጓዱ ይቀርባል። ስንት ጊዜ እንደመታችሁ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ቀለም እንደተነሳችሁም ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ከሩቅ ተነስቶ መቶ የመታና ከቅርብ ተነስቶ መቶ የመታ እኩል አይደሉምና። ከካርዶቹ ሃንዲካፕ የሚባል ቁጥር ይወጣል፣ ባነሰ መጠን ጎበዝ ናችሁ ማለት ነው። ደግሞ የራሳችሁን ካርድ አትጽፉም። እኔ የሷን እጽፋለሁ፣ እሷ የኔን ትጽፋለች፣ ሲያልቅ ሁለታችንም በየካርዳችን ላይ እንፈርማለን።

ያን ክረምት ናይሮቢ በሚሄደው የወጣቶች ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ ከሁለታችን ሃንዲካፗ ያነሰው ልጅ ትሄዳለች ተባለ። ሁለታችንም አውሮፕላን ከታች ሆነን እንጂ ከውስጥ አይተን አናውቅም። «ማንኛችንም ብንሄድ ያው ነው» ትለኝ ነበር። «አዎ» እላታለሁ። ውሸቴን ነበር፤ መሄድ በጣም ፈልጌ ነበር።

ከስድስት ቅዳሜ በኋላ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ወጣ። የሷ ወርዷል፣ የኔ ንቅንቅ አላለም። ስድስቱንም ቀን የተበላለጥነው ቢበዛ በአንድ ሁለት ምት ነው። ታዲያ እንዴት ሆነ? ያን ሳምንት ዓይኔን አልነቀልኩባትም። አሰልጣኙ ሲያናግራት ሳቀች፤ ምን ያሳቃል? ስልክ ስታወራ ፊቷን አዞረች። ቆሎ ስታቀብለኝ እንኳ «ዛሬ ምን ታያት?» ብዬ ነው የተቀበልኳት።

ካርድ የሚመዘግቡት ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ነበሩ። «ጋሼ፣ ካርዶቼን ላያቸው?» አልኳቸው። ከመሳቢያቸው አውጥተው የሁለታችንንም ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ። ስፈርም ልብ ብዬው በማላውቀው የካርዶቼ ጥግ ላይ፣ በዚያ ክብ ክብ በሚለው ጽሕፈቷ፣ ስድስቱም ላይ «ቀይ» ይላል። የሷ ስድስቱም «ነጭ»። አሰልጣኙም ልጆቹም እየሰሙ «ሆን ብላ ነው። እኔን ቀይ፣ ራሷን ነጭ» አልኩ። እሷ የጎልፍ ዱላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዞር ብላ በሩን አየች፤ ይህንንም እንደ ማመን ቆጠርኩት።

መዝጋቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «የሷን የምትጽፊው አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ልጄ?»

የሜዳው ሠራተኛ ተጠራ። «ሩቁ ቦታ ጭቃ ስለሆነ ነጮቹን እንጨቶች ከቀዩ አጠገብ ተክያቸዋለሁ» አለ። «ክረምቱን ሙሉ ከሩቁ የተነሳ ሰው የለም። እዚያው በሩ ላይ ተለጥፏል እኮ።» ዞሬ አየሁት። እስኪደርቅ ድረስ ሁላችሁም ቀይ ብላችሁ መዝግቡ ይላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጓደኛዬ «ማስታወቂያውን አየሽው አይደል?» ብላኝ ነበር። አላየሁም ማለት ደስ ስለማይለኝ ሳላይ «አዎ» ብያታለሁ። የእንጨቱን ቀለም እንጂ ርቀቱን ስላላየሁ፣ ኳሴ ጥሩ ሲሄድልኝ ክንዴ የጠነከረ መስሎኝ ስኮራ ከረምኩ።

እውነቱን የጻፈችው እሷ ነበረች። ስድስት ጊዜ የተሳሳትኩት እኔ። ደንቡ ግን ስለ ስህተቱ የሚጠይቀው የጻፈውን ሳይሆን ካርዱ ላይ የፈረመውን ነው፤ ካርዶቿ ተሰረዙ፣ ቦታው የኔ ሆነ። «ለሷ ይሁን» ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

አሁን ካርድ የለም፣ የምንመዘግበው በስልክ ነው። መነሻውን ካልመረጡ ቁጥሩን አይቀበልም። እኔ በዚያች ጥያቄ ላይ ሁሌም እቆያለሁ፤ አብረውኝ የሚጫወቱት ኔትወርክ እየጠበቅኩ ይመስላቸዋል።

ካርዶቿ የተሰረዙ ቀን በልደታ ማርያም አጥር ሥር አብረን ወደ ቤት ሄድን። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ጥፋቱን ማካፈል ስለፈለግኩ «ግን አንቺስ እንዴት ሳታዪው ፈረምሽ?» አልኳት።

«አንቺ የጻፍሽውን አንብቤ አላውቅም» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። የሚገርም ነገር የተጠየቀች ነበር የምትመስለው።

ናይሮቢ ሄድኩ። ስመለስ ሰላምታችን የደረጃ ላይ ሰላምታ ሆነ፤ በዓመቱ ቤተሰቧ ሰፈር ቀየረ። አንድ ነገር ግን ሳልነግራት ቀረሁ። እኔ እሷ የጻፈችልኝን ምት፣ ከመፈረሜ በፊት፣ ፊቴን አዙሬ ሁልጊዜ ሁለቴ እደምረው ነበር።