«አብልተውት ነው የሞተው»

ከድንበር ማዶ፣ ቶንፒንግ በሚባል ሰፈር ባለ ክሊኒክ የላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን ዶክተር ዴንግ የሰገራ ዕቃዎች ወደተደረደሩበት መደርደሪያ ወሰደኝ። ጋምቤላ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

«ዕቃው ላይ የተጻፈውን ስም አትመኚ» አለኝ። «እዚሁ ሽንት ቤት ገብተው ይስጡሽ።»

እውነቱን ነበር። በዚያው ሳምንት ሦስት አስተናጋጆች ለጤና ካርድ ብለው ሰገራ ከቤት ይዘው መጡ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ሦስቱም ጋ ያው ጃርዲያ። የአንዷን ለሦስት ተካፍለውት ነው። ስጠይቃቸው አንዷ፣ «አብረን እኮ ነው የምንበላው» አለችኝ።

መጠርጠር እንዲህ ለመድኩ። ልጆቼ አዲስ አበባ የተማሩት በዚህ ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጋሽ በቀለን የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ጉምቦ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን እየኖሩ የውሃ ቦቴ ይነዱ ነበር። አሠሪያቸው ለዓመታዊ ምርመራ ላካቸው። ሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም የሚፈልገውን ምርመራ ሠራሁላቸው። ሁለቱም መስመሮች ወጡ፤ ፖዘቲቭ።

«ቅዳሜ ቁርጥ በልቻለሁ፤ እሱ ነው» አሉ።

«ጋሽ በቀለ፣ ይኼ የሰውን ደም እንጂ የበሬን አያነብም።»

«እንግዲያው ኪንታሮት ነው። ድገሚው።»

«አልደግመውም። ሁለተኛው ነጻ ቢል የመጀመሪያውን አይሽረውም። አንዳንድ ቀን ይደማል፣ አንዳንድ ቀን አይደማም። አዲስ አበባ ሄደው አንጀትዎን ይታዩ።»

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። «እህት ማርታ፣ አዲስ አበባ ለላክሽው ሰው ስንት ኮሚሽን ይቆረጥልሻል?»

ዶክተር ዴንግ ጋ አስገባኋቸው፤ ነርሷ ስላልነበረች ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ።

«ፖዘቲቭ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም» አላቸው። «ግን ከየት እንደሚደማ አንጀትዎ በካሜራ መታየት አለበት።» ከዚያ ጠየቃቸው። ሲጋራ? ትተዋል፤ ሃያ ዓመት ግን አጭሰዋል። መጠጥ? ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ የለም። ስኳር? የለም። ክብደታቸውን መጠየቅ አላስፈለገም፤ ሆዳቸው የመኪናውን መሪ ይነካል።

«በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር?»

«የለም! በኢየሱስ ስም!»

«ባይኖርም ይሂዱ።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ዝናቡ ሲያባራ እሄዳለሁ።»

እንደማይሄዱ ገባኝ። ያ «የለም» ደግሞ ፈጠነብኝ። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ወንድሞችዎ በሕይወት አሉ?»

«ታላቄ ሞቷል።»

«በምን?»

ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አብልተውት ነው የሞተው። ሚስቱ ናት። በአርባ ስድስት ዓመቱ ሆዱ ተነፋ፣ ደም ወረደው፣ ከስቶ አለቀ። ከቀብሩ ወዲህ ደጇን ረግጬ አላውቅም።»

«ሐኪም አላየውም?»

«አይቶታል። አንጀቱ ውስጥ እበጥ አለ አሉ። እሷ ናት እንዲህ በሉ ያለቻቸው።»

ቅጹ ላይ «የለም» የሚለውን ሰርዤ እያዩኝ ጻፍኩ፦ ወንድም፣ አርባ ስድስት ዓመት፣ የአንጀት እበጥ፣ ደም። ወረቀቱን ተቀብለው ሁለቴ አነበቡት።

«እኔ እኮ የማበስለው ራሴ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔን ማን አበላኝ?»

ዝናቡ ሳያባራ ወደ አዲስ አበባ በረሩ። እበጡ ካንሰር ነበር፤ ግን ከአንጀቱ ግድግዳ አልወጣም፤ ቆርጠው አወጡላቸው። ከሆስፒታል ሲደውሉልኝ የወንድማቸው ሚስት አጠገባቸው ነበረች። ይቅርታ ሊጠይቋት ጠርተዋት ሾርባ ይዛ መጥታለች።

«ጠጡላት?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ እሷን አስቀመስኳት» አሉ። «ከዚያ ጨረስኩት።»

ለእናንተ ወደዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡት፦ ምርመራው ፖዘቲቭ ሲሆን «በቤተሰብ ካንሰር አለ?» ብላችሁ አትለፉ፤ «የለም» ይሏችኋል። በሆድ ሕመም ማን እንደሞተ፣ በስንት ዓመቱ እንደሞተ፣ ደም ይወርደው እንደነበር ጠይቁ። የነገሯችሁን ጻፉ።