ግዴታ የለብህም ያሉት ሙላቴ

ሙላቴ ግትር ነው። እናቱ እንኳ «ይኼ ልጅ ከበሬው ይብሳል» ይሉ ነበር፤ አልተሳሳቱም። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ከጉና ግርጌ ነበር ቤቱ። አንድ በሬ ነበረው፤ ጎረቤቱ ጌጡም አንድ። ሁለቱ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው አንድ ቀን የአንዱን፣ ሌላ ቀን የሌላውን ማሳ ያርሱ ነበር።

መሬት ላራሹ በታወጀ በሁለተኛው ዓመት ጌጡ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሁመራ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። በሰኔ ደግሞ በሬው ገደል ገብቶ ሞተ። ሚስቱ ፈንታነሽ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ቁጭ አለች። ማሳው ጦም ካደረ የገበሬ ማህበሩ ለሌላ ሊሰጠው ነው።

ሙላቴ በሬውን ከሌላ ጎረቤቱ ከይርጋ በሬ ጋር አቀናጀ። ማን ይፈርድበታል? ልቡ ግን አላረፈለትም፤ የማህበሩ ሊቀመንበር ዘንድ ሄዶ የጌጡን ማሳ የማረስ ግዴታ እንዳለበት ጠየቀ።

«በሬው ሞቷል፤ ውላችሁም አብሮ ሞቷል። ምንም ግዴታ የለብህም፣ ጓድ ሙላቴ» አለው።

ሚስቱ ዓለሚቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እሰይ! ተገላገልን» አለች። ሙላቴም የተገላገለ መስሎት ነበር። ተራው ሲደርስ ግን ሞፈር ቀንበሩን ተሸክሞ፣ በሬዎቹን እየነዳ የራሱን ማሳ አልፎ ሄደ። ወይ ጉድ! ከፈንታነሽ ማሳ ገብቶ ጠመደ።

ፈንታነሽ እየሮጠች መጥታ ከበሬዎቹ ፊት ቆመች።

«አያ ሙላቴ፣ ግዴታ የለብህም መባሉን ሰምቻለሁ። እኔ ምጽዋት አልለመንኩም፤ በሬዎችህን ይዘህ ሂድልኝ!» አለች። እንባዋ ግን ዱብ ዱብ ይል ነበር።

ሙላቴ ተናደደ። «ግዴታ የለብህም አሉኝ እንጂ ምክንያት የለህም አሉኝ? ነገ ጌጡ መጥቶ ‹ማሳዬስ?› ቢለኝ ‹በሬህ ሞተ› ልበለው? ዞር በይ ከፊቴ፤ ዝናቡ ሊመጣ ነው!»

ዞር አለች።

ያን ዓመት የእሷ ገብስ አማረ። የሙላቴ ግን ዘግይቶ ስለተዘራ ውርጭ መታው። ዓለሚቱ ባዶውን ጎተራ ባየች ቁጥር ያልተናገረችው የለም። እውነትም አላት፤ የእሷም ልጆች ሆድ አላቸው። ሙላቴ ግን በየክረምቱ የተራውን ግማሽ ለፈንታነሽ አረሰ።

ጌጡ በሄደ በአራተኛው ዓመት መርዶ መጣ፤ ጌጡን እዚያው ሁመራ ወባ ገድሎታል። ለቅሶው ሲያልፍ ሙላቴ እንደ ልማዱ ሞፈሩን ተሸክሞ ብቅ አለ። ፈንታነሽ በጥቁር ልብሷ ማሳው ዳር ቆማ ጠበቀችው።

«አያ ሙላቴ፣ በቃህ» አለችው። «ከእንግዲህ ማሳዬስ ብሎ የሚጠይቅህ ሰው የለም።»

ሙላቴ ቀንበሩን በበሬዎቹ ጫንቃ ላይ አስተካከለ።

«አለ እንጂ» አላት። «እኔው ራሴ አለሁ።»

ፈንታነሽ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀችና ከፊቱ ድንጋይ ትለቅምለት ጀመር።