«ዳኛው ጥብቅ ነው እማማ»

ዛሬ ጠዋት እኛ ሰፈር አሚሻቭ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አፌ ጋ አስጠግቼ አወራለሁ። ከሰው ጋር አይደለም... ድምፄን እየቀዳሁ ነው።

እዚህ አገር የሚኖሩ የእኛ ሰዎች የሚሰሙት አንድ የኢንተርኔት ሬዲዮ አለ። የኳስ ፕሮግራሙን ቅድመ ትንታኔ የምጽፈው እኔ ነኝ። በሬዲዮ የሚያነበው ግን ወንድ ነው፣ እንደ ራሱ ሐሳብ አድርጎ። አዘጋጁን «ለምን?» ብዬ ስጠይቀው «ታክቲክ ከሴት አፍ ማን ይሰማል?» አለኝ። ሲናገር ትንሽ እንኳን አላፈረም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፣ ኳስም ተጫውቻለሁ፤ የእሱ ሰው ኦፍሳይድ ማስረዳት አይችልም።

ስለዚህ ለዛሬ ማታው የፕሌይኦፍ ጨዋታ «በራሴ ድምፅ ካልሆነ አልጽፍም» አልኩት። «በሰደር፣ እሺ፣ ቀድተሽ ላኪና እናያለን» አለ።

ያንን ነው የምቀዳው።

«የሁለቱም ወገን ተከላካዮች ጠንካራ ናቸው። ማንም በቀላሉ አያልፋቸውም። ዳኛው ደግሞ ትንሽ ጥፋት ካየ ከመቅጣት አይመለስም። ግን ተከላክሎ ብቻ ማሸነፍ የለም። ሲከላከል የዋለ ወገን መጨረሻ ላይ ይደክመዋል... አንዴ ወጥቶ ማጥቃት አለበት።»

ቀና ስል አንዲት እማማ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፌስታል ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አፍ አፌን ያዩኛል።

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ የት ተማርሽው?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ስከታተል ነው የኖርኩት እማማ።»

«እሰይ! ለካ እኛም ሰው አለን።»

ደስታዬን አትጠይቁኝ። በዚህ ዕድሜ የኳስ አፍቃሪ!

«ሾፌቱን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። እዚህ አገር የፍርድ ቤቱንም የኳሱንም ዳኛ በዕብራይስጥ ሾፌት ነው የምንለው።

«ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«ክፉ ነው?»

«ክፉ እንኳን አይደለም። ጥብቅ ነው እማማ። ንትርክ አይወድም። መጀመሪያ ያስጠነቅቃል፣ ካልሰሙት ያስወጣል።»

«ወየው! ያስወጣል?»

«ያስወጣል።»

አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ልጆቼ ዝም ብለሽ ተከላከይ ነው የሚሉኝ» አሉ።

እዚህ ጋ ግራ ገባኝ። እሳቸው ናቸው የሚከላከሉት? የቡድናቸውን ነገር እንደ ራሳቸው ነገር የሚያወሩ ደጋፊዎች አሉ አይደል... እንደዚያ ይሆናል ብዬ «የማን ደጋፊ ነዎት?» አልኳቸው።

«ደጋፊማ የለኝም የኔ ልጅ። ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። ብቻዬን ነኝ።»

አንጀቴን በሉት። «አይዞዎት፣ እኔም ብቻዬን ነው የማየው» አልኩ።

«እንዲያው ግን፣ ሳይለይ ቢቀርስ?»

«ካልተለየማ በምት ነው።»

«በምን?»

«በምት። አምስት አምስት ምት፣ ተራ በተራ።»

ብድግ አሉ። «ሊመቱኝ? በዚህ ዕድሜዬ? ለአንድ ውሻ?»

«... የትኛው ውሻ?»

አውቶቡሱ መጣ። ተያይዘን ገባን፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ተያየን። ነገሩ የተፈታው ያን ጊዜ ነው። ምድር ቤት ያለው ጎረቤታቸው «ውሻዬን በጃንጥላ መታችብኝ» ብሎ ከሷቸዋል። ዛሬ ሚሽፓት፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ አላቸው። እኔ ስለ ተከላካይ፣ ስለ ዳኛ፣ ስለ ጥፋትና ቅጣት ስለፈልፍ የሰሙት እኒህ ሴትዮ ጠበቃ አድርገውኛል። ያውም የእሳቸውን ዳኛ የማውቅ ጠበቃ!

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ያልኩት ሁሉ ስለ ኳስ ነው።»

«ሾፌቱም?»

«የኳስ ነው።»

«ተከላካዩም?»

«እሱም የኳስ ነው።»

ሳቅ መጣብኝ፣ ግን ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት። ከዚያ ፌስታሉን ከፈት አድርገው አሳዩኝ። ከታች እስከ ጉልበቱ የተቀደደ ቀሚስ ነው። ውሻው ነው የቀደደው። ልጆቻቸው «እሱን አታንሺ፣ ነገር ታበዣለሽ፤ አልመታሁም ብቻ በይ» ብለዋቸዋል። እሳቸውም ትተውት ሊሄዱ በር ላይ ደርሰው ተመልሰው ይዘውት ወጡ... ለምን እንደያዙት ግን ራሳቸውም አያውቁም።

ፌስታሉን መልሰው ቋጠሩና «ሾፌቱ ፊት ቀሚሱን አወጣዋለሁ» አሉ።

«እማማ...»

«ወጥቶ ማጥቃት አለበት አላልሽም?»

«ያ ለኳስ ነበር እኮ!»

«ለምንም ይሁን። የሚያውቅ ሰው ሲናገር ያስታውቃል።»

ፍርድ ቤቱ አብሬያቸው ልግባ ብል «ያላ፣ በይ አንቺ ሥራሽን ጨርሺ» ብለውኝ ወረዱ። ረዳኋቸው ይሁን ጎዳኋቸው እስካሁን አላውቅም።

ቤት ገብቼ ቀሪውን ቀዳሁና ለአዘጋጁ ላክሁ። መልሱ ቶሎ መጣ። «ትንታኔው አሪፍ ነው። ግን በአንባቢያችን ድምፅ ነው የሚያምረው፣ ሰጥቼዋለሁ።»

ሴትዮዋን የማያውቁት ዳኛ ፊት ቀሚስ አስይዤ የላክሁ ሰው እኔ ቁጭ ብዬ ልከላከል? «አንዲት ቃል ከእኔ ወስዶ ካነበበ የማን እንደሆነች ሕዝቡ ይሰማል» ብዬ ጻፍኩለት። እሱ እስኪያስብ አልጠበቅሁም። ድምፄ ይኸው ከዚህ ጽሑፍ ጋር ተለጥፏል፣ ስሜም አለበት። ግምቴ ዜሮ ለዜሮ ነው፣ ከዚያ በመለያ ምት። ከተሳሳትኩም በራሴ አፍ ልሳሳት።

እስካሁን ታክቲኬን ተቀብሎ ሜዳ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነው... እሳቸውም የተቀደደ ቀሚስ ይዘው።