በሽብልቅ የቀና ዳሌ

ባሌ በር ሰሪ ነው። አርባ ዓመት የሰው በር ሲያቃና ኖሮ የራሱ ቀኝ ዳሌ ተበላና አነከሰ። የታናሽ ወንድሙም ዳሌ ያው ነው፣ የዘር ነው መሰለኝ። አንድ ሐኪም በአንድ ወር ልዩነት ሁለቱንም ቀዶ ጥገና አደረገላቸው። የጭናቸው አጥንት ራስ ተሞርዶ የብረት ቆብ ለበሰ፤ ዳሌያቸው ውስጥ ደግሞ ቆቡ የሚዞርበት የብረት ኩባያ ተተከለ።

በስድስት ወሩ ወንድምየው ቀጥ ብሎ መሄድ ጀመረ። የኔው ጉድ ግን ወደ ቀኝ ዘንበል ማለቱን አልተወም። ምን ልደብቅ፣ ቀናበት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ታናሹ ይረዝመዋል፣ ሰውም ታላቅየው እሱ ይመስለዋል። አሁን ደግሞ ይሄ ተጨመረ!

"ጥሩውን ብረት ለሱ አድርጎለት ነው!" እያለ እርር ድብን ይላል።

"አንተ ሰው፣ ወንድምህ እኮ ነው።"

"ወንድሜ ስለሆነ አይደል የሚያቃጥለኝ!"

አንድ ቀን ድንገት ማንከሱን ተወ። ከወንድሙ ጎን ደረቱን ነፍቶ ሰፈሩን ዞረው። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ።

ዓመት ሳይሞላ ብሽሽቱን ያመው ጀመር፤ ከወንበር ሲነሳ ዳሌው ሲጥ ይላል። ደሙ ሲመረመር የተፋቀ ብረት ተገኘበት። ተኝቶ የተነሳው ራጅ ግን ኩባያው በቦታው እንዳለ ያሳያል። ሐኪሙ ግራ ገብቶት "እስቲ ቆመው እንይዎት፣ ጫማዎን ያውልቁ" ቢለው አሻፈረኝ አለ። ጎንበስ ብዬ የቀኝ ጫማውን መንጭቄ ሳወልቀው ከተረከዙ ሥር ጣት የሚያህል የእንጨት ሽብልቅ ወደቀ።

"ምን ታፈጪያለሽ? የዘመመ በር በምን ይቃናል?" አለኝ።

ሐኪሙ በሽብልቁና ያለ ሽብልቁ አቁሞ ራጅ አነሳው። ሽብልቁ ቀኝ ዳሌውን ሽቅብ ሲያነሳው ኩባያው ይዘምማል። ያኔ ቆቡ መሀሉ ላይ መቀመጡን ትቶ ጠርዙን ይፍቃል፤ ፍቅፋቂው ሥጋውን ይመርዛል።

"ብረቱ ከወንድምዎ ጋር አንድ ነው" አለው ሐኪሙ። "የእርስዎ የጭን አጥንት አንገት ግን በተፈጥሮው አጠር ያለ ነው፤ ስለዚህ የጎንዎ ጡንቻ ጉልበት ያንሰዋል። የሚያዘነብልዎት እሱ ነው።"

"እንደገና ብትከፍተኝ እንደ ወንድሜ እሄዳለሁ?"

"አይሄዱም። ሽብልቁን ከተዉት ግን ብረቱ ሊቆይልዎ ይችላል። ካልተዉት አጥንቱ ይበላና ብረቱ ሁሉ መውጣቱ ነው።"

ባሌ ሽብልቁን የሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ወንድሙ ይጠብቀን ነበር። ባሌ ጥርሱን ነክሶ፣ እያዘነበለ ተራመደ። ወንድምየው አየውና እርምጃውን ቀነሰ።

"ጋሼ፣ ቀስ እንበል፤ እኔንም ደከመኝ" ብሎ ዋሸ።

ባሌ ወንድሙን ደጃፍ ላይ ተሰናብቶ ቤት ገባ። በሩን ከኋላችን እንደዘጋሁ "አየሽው?" አለኝ። "አዘነልኝ እኮ!"

ስንጋባ አላለቀሰም፣ እናቱ ስትሞትም አላለቀሰም። ያን ቀን አለቀሰ።